በዕርቁ ወረቀት ላይ ስሜ አልነበረም

በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ወደሚገኘው የእናቴ ቤት አምስት ሽማግሌዎች መጡ። ሁለቱ ጋቢ የለበሱ የደብር አገልጋዮች፣ ሁለቱ ጥምጣም ያደረጉ ሼኾች፣ አምስተኛው ደግሞ ልጅ ሳለሁ በኖርንባት ትንሽ ከተማ የዕድራችን ዳኛ የነበሩ አባት ናቸው። ወሎ ውስጥ ለከባድ ጉዳይ ሽምግልና ሲላክ የሁለቱም ሃይማኖት አባቶች አብረው መምጣታቸው የተለመደ ነው፤ እናቴም እንደ ወጉ ከበር ተቀብላ አስገባቻቸውና ቡና አፈላች። አቦሉ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ድረስ የተወራው ከጦሳ ስለሚወርደው ብርድ፣ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ መንገዱ መዘጋትና መከፈት ነበር። ቶናው ሲቀዳ የዕድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጡበትን ነገር ጀመሩ።

«እናታለም፣ ያ ሰው እነሆ አሥራ ሁለት ዓመቱን ሊደፍን ነው» አሉ። «ሚስቱ ተንከራተተች፣ ልጆቹ ያለ አባት አደጉ። ያንቺም ልጅ ይኸው በፈጣሪ ቸርነት አደገች፣ ተማረች፣ ለወግ ለማዕረግ ልትበቃ ነው። እንግዲህ ይብቃ በሉና አፉ በሉን።»

እኔ ጓዳ ውስጥ ነበርሁ። ሁሉንም እሰማለሁ፤ እነርሱም እንደምሰማ ያውቃሉ፤ ግን ከአምስቱ አንዱም «ልጅቱን ጥሯት» አላለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከኪሳቸው በኮምፒዩተር የተጻፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከሄዱ በኋላ አነበብሁት። ከተበዳይ ቤተሰብ ጋር ዕርቅ መውረዱን የሚገልጽ ወረቀት ነው፤ ለአባት፣ ለእናትና ለሦስት ምስክሮች የፊርማ ቦታ አለው፤ አባቴ በ2011 ዓ.ም. ስላረፈ በእርሱ ፈንታ አጎቴ እንዲፈርም ታስቧል። እኔ የተጠቀስሁት «ልጃቸው» በሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ስሜ የለም፤ የፊርማ ቦታም የለኝም። በዚያ ቀን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ወረቀት ነው። የደረሰብኝን በዝርዝር አልተርክም፤ በፍርድ ቤት አንድ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፣ ያም ይበቃል። የሰውየውንም ስም አልጽፍም፤ ልጆቹ ስሙን ይዘው ይኖራሉ፣ እነርሱ ምንም አላደረጉም። አንባቢ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ያህል ነው፦ በ2004 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ፣ እርሱ ደግሞ የከተማችን የተከበረ አስጠኚ ነበር፤ ቤተሰቦቻችን ከትምህርት ቤት መልስ ሂሳብና እንግሊዝኛ እንዲያስጠናን ይልኩን ነበር። ጉዳት ያደረሰው በእኔ ላይ ብቻ አልነበረም። አንዲት የአሥራ አንድ ዓመትና አንዲት የስምንት ዓመት ልጅም ነበሩ፤ ግን ሦስታችንም ስለ አንዳችን ጉዳይ አንዳችን አናውቅም ነበር። በግንቦት 2005 ዓ.ም. ተያዘ፣ ተከሰሰ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት።

የወንጀል ሕጉ ለዚህ ዓይነቱ ድርጊት ቀላል ቅጣት አላስቀመጠም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በአንቀጽ 627 ዕድሜው ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች በሆነ ሕፃን ላይ ግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመ ሰው ከአሥራ ሦስት እስከ ሃያ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል፤ ሕፃኑ ለአጥፊው በዐደራ የተሰጠ፣ ተማሪው ወይም በሥሩ የሚተዳደር ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ዐደራ በልነቱን ለይተው ማየታቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በእኛ ሁኔታ የተሰረቀው በመጀመሪያ ዐደራው ነበርና። እናቴ የምሳ ዕቃዬንና ደብተሬን አስይዛ ወደ እርሱ ስትልከኝ «መምህርህ እንደ አባትህ ነው» በሚባልበት አገር ያደገች ሴት ሆና ነው የላከችኝ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ጥቂት ልበል። በልጅነቴ ጎረቤቶች ስለ እኔ ሲያወሩ «ተበላሸች» ይሉ ነበር፤ ክፉ ልብ ኖሯቸው ሳይሆን ሌላ ቃል ስላልነበራቸው ነው። ቃሉ ጥፋቱን ከሠራው ሰው ነጥቆ በልጅቱ ሰውነት ላይ ያስቀምጠዋል። እርሱ ታሰረ፣ እኔ ተበላሸሁ፤ እርሱ ተፈትቶ ሲመጣ «ቅጣቱን ጨረሰ» ይባላል፣ የእኔ መበላሸት ግን መጨረሻ የለውም። ሦስታችን ተገናኝተን መነጋገር ስንጀምር መጀመሪያ የተስማማነው ይህን ቃል ስለ ራሳችን ላለመናገርና በፊታችን ሲነገርም ዝም ላለማለት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ለምን በጥር መጡ? ያን ቀን አልገባኝም ነበር፤ በኋላ ሕጉን ሳነብ ነው የተገለጸልኝ። አሥራ ስምንት ዓመት የተፈረደበት ሰው ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ፣ ማለትም አሥራ ሁለት ዓመቱን ሲጨርስ፣ በአመክሮ እንዲፈታ ሊጠየቅለት ይችላል። ከግንቦት 2005 ተቆጥሮ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሞላው በግንቦት 2017 ነው። ስለዚህ የዕርቁ ወረቀት ከአራት ወር በፊት ተዘጋጅቶ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ተፈልጎ ነበር።

ብዙ ሰው አመክሮን፣ ይቅርታንና ምሕረትን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ እኔም እንዲሁ ነበርሁ። ይቅርታ በይቅርታ ቦርድ በኩል ተጠይቆ መንግሥት የሚሰጠው ነው፤ ምሕረት በሕግ የሚታወጅ ነው፤ አመክሮ ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 ፍርድ ቤቱ በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር አሳሳቢነት ወይም በእስረኛው ጥያቄ ሰውየውን በአመክሮ ሊፈታው እንደሚችል ይናገራል። «ይችላል» የሚለው ቃል ሊዘነጋ አይገባም፤ ሁለት ሦስተኛውን መጨረስ ብቻውን በሩን አይከፍትም። ሦስት ነገሮች ይታያሉ። እስረኛው በሥራውና በጠባዩ በእውነት መሻሻሉን ማስመስከር አለበት። በፍርድ ቤት የታወቀውን ወይም ከተበዳዩ ጋር የተስማማበትን ጉዳት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን መካስ አለበት። ሲፈታም መልካም ጠባይ እንደሚኖረው የሚያሳምን መሆን አለበት።

ከሦስቱ ሁለተኛውን ሳነብ ብዙ ጊዜ ቆም አልሁ። ሕጉ «ተበዳዩ» ይላል፤ «የተበዳዩ አጎት» አይልም። ጉዳት መካስ የሚለውም ነገር በወረቀት ላይ ፊርማ ማሰባሰብ አይደለም። ከእኛ ከሦስታችን ማንም ካሣ ጠይቆ አያውቅም፤ በአንቀጽ 101 መሠረት ተበዳይ ከወንጀሉ ክስ ጋር የካሣ ጥያቄውን ማቅረብ እንደሚችል ያን ጊዜ ለወላጆቻችን የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኔ ለአራት ዓመት ያህል ሌሊት እየባነንሁ ስነሣ እናቴ ሥራዋን ትታ አጠገቤ ትተኛ ነበር። የስምንት ዓመቷ ልጅ ከአራተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋረጠች፤ ዛሬ መርሳ ውስጥ ትንሽ የሻይ ቤት አላት። የአሥራ አንድ ዓመቷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ወንድ የበላይ ኃላፊ ለብቻዋ ቢሮ ሲያስጠራት እስከ ዛሬ እጇ ይንቀጠቀጣል። ይህ ሁሉ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የተከፈለ ነው፤ የከፈልነው ግን እኛ ነን።

ሦስታችን የተገናኘነው በዚያው በየካቲት ወር ነው። ሽማግሌዎቹ ወደ እነርሱም ቤት ሄደው ስለነበር እናቶቻችን በስልክ ተነጋገሩ፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያልተነጋገሩ ሴቶች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ገመና ሸፍነው የኖሩ። ኮምቦልቻ፣ አንድ ቡና ቤት ጥግ ላይ ተቀምጠን መጀመሪያ ማን እንደሚናገር ተፋጠጥን። ታላቃችን «እኔ ቀድሜ ብናገር ኖሮ እናንተ ትተርፉ ነበር» ብላ አለቀሰች። የአሥራ አንድ ዓመት ሕፃን ነበረች። ይህን ጥፋት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተሸከመችው እርሷ ናት፤ እርሱ ይሸከመው እንደሆነ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

በዚያ ቀን ማታ አቤቱታ መጻፍ ጀመርን። ሦስት ገጽ የሚሞላ ነገር ለመጻፍ አምስት ሳምንት ፈጀብን። ከፍርዱ ግልባጭ ጋር አያይዘን አንዱን ለዐቃቤ ሕግ፣ አንዱን ለማረሚያ ቤቱ አስተዳደር፣ አንዱን ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ሰጠን። የፍርዱን ግልባጭ አባቴ በሕይወት ሳለ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀምጦት ነበር። አባቴ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አፍ አውጥቶ አናግሮኝ አያውቅም፤ ያንን ወረቀት ግን በጥቅምት 2014 ደሴ በጦርነቱ ልትያዝ ስትል እናቴ ከፎቶዎችና ከልደት ሰርተፊኬት ጋር ጡቷ ሥር ይዛው ወጥታለች። ወደ ደብረ ብርሃን በሚጓዘው የጭነት መኪና ላይ ሆኜ የጠየቅኋት የመጀመሪያ ጥያቄ «እስረኞቹስ የት ናቸው?» የሚል ነበር። ሰው ሁሉ የሚሸሸው ከከባድ መሣሪያ ድምፅ ነበር፤ እኔ ግን ከሕዝቡ መካከል የአንድ ሰው ፊት እየፈለግሁ ነበር። ሰው «አሥራ ሁለት ዓመት ረጅም ነው» ሲለኝ ያ የጭነት መኪና ይታየኛል።

በአቤቱታችን ላይ በጣም የተከራከርንበት አንቀጽ ስለ ጠባዩ የሚናገረው ነው። ማረሚያ ቤቱ መልካም ጠባይ እንዳለው መስክሮለታል፤ ምስክርነቱም ውሸት አይደለም። ጠብ አይፈጥርም፣ ደንብ ያከብራል፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እስረኞችን ያስተምራል፤ ለዚህም የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶታል። እኛ ይህን ስንሰማ አልተገረምንም። እርሱ ሁልጊዜም ጥሩ አስተማሪ ነበር። ጨዋ፣ ለስላሳ አንደበት ያለው፣ ሽማግሌ ሲያይ ከመቀመጫው የሚነሣ ሰው ነበር፤ ወላጆቻችን ያመኑት በዚህ ጠባዩ ነው፣ እኛም ብንናገር ማንም አያምነንም ብለን ዝም ያልነው በዚህ ጠባዩ ነው። ሕፃን በሌለበት ግቢ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት መልካም ሆኖ መኖር አንድ ነገር ያስመሰክራል፤ ሕፃን ባለበት ሰፈር ምን እንደሚያደርግ ግን አያስመሰክርም። ሌባ በጠባዩ ሲመዘን መስረቅ የሚችልበት ቦታ ላይ ይታያል። በእኛ ጉዳይ የማስተማር የምስጋና ወረቀቱ ለመሻሻሉ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ያመነውን ሰው ሁሉ የከዳበትን መሣሪያ መልሶ በእጁ ላይ ማኖር ሆኖ ይሰማናል።

ከዚህ በኋላ ያለው በጣም የከበደኝ ነገር ነው፤ ሽማግሌዎቹን እወዳቸዋለሁና። የወሎ ሰው በዕርቅ ያምናል። በዚህ አገር አበጋሮች ደም ያፋሰሰን ወገን ከወገን ያስታርቃሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን ይሰማል፤ ፍርድ ቤት ያልፈታውን ቂም እነርሱ ሲፈቱት በዓይኔ አይቻለሁ። የእናቴ ወንድም ከባለ ደም ቤተሰብ ጋር ታርቆ ልጆቻቸው ዛሬ አብረው ይነግዳሉ። ስለዚህ «ሽምግልና ይቅር» የሚል ነገር ከአፌ አይወጣም። ነገር ግን በዚያ ዕርቅ ላይ ሁለቱም ወገኖች ይቀመጣሉ፤ የበደለው በደሌ ይህ ነው ብሎ ይናገራል፣ የተበደለው ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ካሻውም እምቢ ይላል። የእኛ ግን እንዲህ አልነበረም። በዳዩ «በድያለሁ» ብሎ አልተናገረም፤ በፍርድ ቤት ክዶ ተከራክሯል፣ ከዚያም ወዲህ ያመነበት ቃል ለማናችንም አልደረሰም። ተበዳዮቹም አልተጠሩም። በሕፃን ላይ የተፈጸመ በደል በአባቶች መካከል እንደ ተፈጠረ ቅሬታ ተቆጥሮ በአባቶች ሊፈታ ነው የተፈለገው። እንዲህ ያለውን ዕርቅ አበጋር ቢያየው ዕርቅ ብሎ የሚቀበለው አይመስለኝም።

አቤቱታችንን የሚደግፍ ፊርማ ማሰባሰብ ስንጀምር የገጠመን መልስ የተለያየ ነበር። ከትምህርት ቤት አስተማሪዎች ብዙዎቹ ሳያንገራግሩ ፈረሙ። ከእናቶች ዕድር አንዲት ሴት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ ፈረመችና፣ ከፈረመች በኋላ እጄን ይዛ «እኔንም በልጅነቴ» ብላ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ሄደች። ሌሎች ደግሞ «የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል፣ እናንተ ደግሞ አትጨምሩበት» አሉን። አንዲት አክስቴ «ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። ይህን ተረት ልጅ ሆኜ ከእርሷው ነበር የሰማሁት። «እቴቴ፣ የእኛ ዝምታ ነቅዟል» አልኋት፤ «አንዳችን ዝም ስላልን ነው ሦስት የሆንነው።» መልስ አልሰጠችኝም፤ በማግስቱ ግን ልጇን ልካ ወረቀቱን አስመጣች።

የሰውየው ሚስት አንድ ቀን ገበያ ላይ አገኘችኝ። የምትለኝን ፈርቼ ነበር። ምንም አላለችም፤ ሰላም ብላኝ አለፈች፣ ከዚያ ተመልሳ «ልጆቼን ብቻ አትጥሏቸው» አለችኝ። እኔም እንደማልጠላቸው ነገርኋት። ሰው ይህን ትግል ሲሰማ እኛ ሰውየው በእስር ቤት እንዲሞት የምንመኝ ይመስለዋል፤ እንደዚያ አይደለም። የእስራት ዘመኑን ሲጨርስ ይወጣል፣ ያንን ማንም አይከለክለውም፣ እኛም አንከለክልም። የምንለው ሁለት ነገር ነው፦ የቀረውን ስድስት ዓመት ከመተዉ በፊት እኛን ስሙን፤ ከተዋችሁትም ደግሞ እኛ ባለንበት ከተማ እንዳይቀመጥ፣ ሕፃናትን እንዳያስጠና፣ ወደ ትምህርት ቤት ደጃፍ እንዳይደርስ በጽሑፍ እዘዙ። አመክሮ ግዴታዎች ሊጣሉበት የሚችል፣ ግዴታው ከተጣሰም ሊሻር የሚችል ነገር ነው። በትንሽ ከተማ ግን ይህ ካልተጻፈ በተግባር የሚሆነው ግልጽ ነው፤ አንድ ዕድር አለ፣ አንድ የሠርግ ድንኳን አለ፣ አንድ ወደ ገበያ የሚያወርድ መንገድ አለ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ያነሣን የመጀመሪያዎቹ እኛ ብቻ እንዳልሆንን ማወቄ ጉልበት ሰጥቶኛል። በደቡብ አፍሪካ ቦብ ሂዊት የተባለ ስመ ጥር የቴኒስ ተጫዋችና አሠልጣኝ ነበር፤ ሕፃናት ሳሉ ያሠለጠናቸው ሴቶች ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ አደባባይ ወጥተው እ.ኤ.አ. በ2015 ጥፋተኛ ተብሎ የስድስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ2019 በአመክሮ ሊፈታ መሆኑ ሲሰማ ሴቶቹ «ማን ጠየቀን?» ብለው ተነሡ፤ በዚያ አገር ሕግ ተበዳዮች በአመክሮ ጉዳይ ሐሳባቸውን የማቅረብ መብት አላቸውና ሚኒስትሩ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ አደረጉ። በመጨረሻ በ2020 ተፈትቷል። ሴቶቹ የፈለጉትን ሁሉ አላገኙም፤ ሳይሰሙ ግን አልታለፉም። በእንግሊዝም ጆን ዎርቦይስ የተባለ፣ ታክሲ እየነዳ ሴቶችን ያጠቃ ሰው በአመክሮ እንዲፈታ ሲወሰን ሁለት ተበዳዮች ፍርድ ቤት ሄደው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ውሳኔውን አሽረዋል። አመክሮ ሰጪው አካል ምክንያቱን በምስጢር መያዙም ሕገ ወጥ ተብሏል።

ከሩቅ አገር ይልቅ ግን በልቤ የቀረው የባሕር ዳሩ ጉዳይ ነው። የሰባት ዓመት ሕፃን በ2015 ዓ.ም. ተደፍራ ተገደለች፣ ገዳዩ ሃያ አምስት ዓመት ተፈረደበት፤ በነሐሴ 2016 እናቷ የደረሰባቸውን በአደባባይ ስትናገር አገር ተነሣ፣ በኢንተርኔት ከሁለት መቶ ሺሕ በላይ ፊርማ ተሰበሰበ። ያን ሰሞን ወንበር ላይ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር አያለሁ፣ አለቅሳለሁም። ሞታ ለቀረችው ሕፃን ያ ሁሉ ሰው ሲጮህ አገሬን ወደድኋት። አንድ ነገር ግን ያኔም ከነከነኝ፤ በሕይወት የተረፍን፣ በየሰፈሩ የምንኖር፣ ፊታችን የሚታወቅ ሴቶች ስንናገር ያ ሁሉ ሰው «ገበና ነው» ይለናል። በሕይወት መኖራችን ለምን ነገሩን ቀላል እንደሚያስመስለው አይገባኝም።

የፍርድ ቤቱ ቀን በሰኔ ወር ነበር። ሕጉ ተበዳይ በአመክሮ ጥያቄ ላይ እንዲጠራ በግልጽ ስለማያስገድድ ጥሪ አልደረሰንም፤ የሰማነው ከሴቶች ጉዳይ ቢሮ ባለሙያዋ ነው። ሦስታችንም ነጠላችንን ለብሰን የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሰውየው ሲገባ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ከሲታ ሆኗል፤ እኔ ያስታወስሁት ግዙፍ ሰው አልነበረም። ዳኛዋ የማረሚያ ቤቱን አስተያየት ካነበቡ በኋላ አቤቱታችን ከመዝገቡ ጋር መያያዙን ተናገሩና «አቤት ባዮች አላችሁ?» ሲሉ ተነሣን። ታላቃችን ልትናገር ተዘጋጅታ ነበር፤ ድምፅዋ አልወጣም። እኔ ቀጠልሁ። የተናገርሁት ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ጭነት መኪናው፣ ስለ ዕርቁ ወረቀት ነገርኋቸው። ዳኛዋ የዕርቁን ወረቀት ከመዝገቡ አውጥተው አገላብጠው አዩትና «ተበዳዮቹ በዚህ ላይ የታሉ?» ብለው ጠየቁ። የሚመልስ አልነበረም፤ የሦስታችንም ስም አልነበረበትም፣ የእናቴም ፊርማ አልነበረበትም። እናቴ ያን ቅዳሜ አልፈረመችም። አጎቴ ግን ፈርሞ ነበር፤ ይህን ያወቅሁት እዚያው ነው።

ፍርድ ቤቱ ጉዳቱ ስለመካሱና ከተፈታ በኋላ ስለሚኖርበት ቦታ ማረሚያ ቤቱ ማብራሪያ እንዲያቀርብ አዝዞ፣ የፍርድ ቤቶች የክረምት እረፍት በመቃረቡ ጉዳዩን ለኅዳር 2018 ቀጠረው። አልተፈቀደም፣ አልተከለከለምም። እኛ ግን ከዚያ ክፍል ስንወጣ ታላቃችን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ ሳቀች፤ ከተዋወቅን ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ከመስቀል በኋላ ከአምስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ ተመልሰው መጡ፤ የዕድሩ ዳኛና አንደኛው ሼኽ። እናቴ ቡናውን ካቀረበች በኋላ ሼኹ «ልጅቱ አለች?» ብለው ጠየቁ። ገብቼ ጉልበታቸውን ሳምሁ። «ልጄ፣ ያን ጊዜ አንቺን ሳንጠይቅ መሄዳችን ሲከነክነኝ ከርሟል» አሉኝ። «ዛሬ የመጣነው ለመስማት ነው።» ነገርኋቸው። ለፍርድ ቤት የነገርሁትን ያህል ሳይሆን ከዚያ በላይ፣ ምናልባትም በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ለማንም ያልነገርሁትን ያህል ነገርኋቸው። እናቴ ማጨሻው ላይ ዕጣን መጨመር ረስታ አቀርቅራ ትሰማ ነበር፤ እርሷም ብዙውን የሰማችው ያን ቀን ነው። በረካው ተጠጣ። ሼኹ ዱዓ አደረጉ፣ የዕድሩ ዳኛ ምንም ሳይናገሩ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ስለ ፊርማ የተነሣ ነገር አልነበረም።

አጎቴን ገና አላናገርሁትም። ፊርማውን እንዲያነሣ የሚጠይቅ ደብዳቤ ግን ጽፌ እጄ ላይ ይገኛል።

ቀጠሮው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ማብራሪያው ምን እንደሚል አይተን በጽሑፍ መልስ ለመስጠት እየተዘጋጀን ነው፤ ታላቃችን በዚህ ጊዜ እርሷ እንደምትናገር ነግራናለች፣ ቃሏን በወረቀት ጽፋ ፋብሪካው ውስጥ በእረፍት ሰዓት ታጠናዋለች። የመርሳዋ እኅታችን መንገድ ቢዘጋ በሚል ሁለት ቀን ቀድማ ደሴ ትገባለች። እናቴ ከአሁኑ በእኔ ክፍል ሁለተኛ ፍራሽ አንጥፋ ብርድ ልብሱን አጥባ ሰቅላዋለች።